ከትኩሳት በኋላ በድንገት ስለሚመጣው የሕፃናት ልምሻ

ትናንት በደጅ ሲሮጥ የዋለ ሕፃን ዛሬ ጧት ከመኝታው ተነሥቶ ለመቆም ሲሞክር አንዱ እግሩ ይከዳዋል። እናቲቱ የሆነውን ስታስታውስ ብዙ ጊዜ የምትናገረው ተመሳሳይ ነው። ከሳምንት በፊት ትኩሳት ነክቶት ነበር፤ ጉሮሮውን አሞት፣ ምግብ አስጠልቶት፣ አንድ ሁለት ጊዜም አስመልሶት ነበር። ከዚያ ተሽሎት ሁለት ሦስት ቀን በደኅና ከሰነበተ በኋላ ትኩሳቱ ተመለሰበት፤ አንገቱንና ጀርባውን አመመው፤ በማግሥቱ እግሩ ዛለ። ጎረቤት ይሰበሰባል። አንዷ «ምች መትቶት ነው» ትላለች። ሌላዋ «ከአልጋ ወድቆ ወልቆ ይሆናል፤ ወጌሻ ይየው» ትላለች። አንዱ ደግሞ «መርፌ ቢወጋ ኖሮ ይሻለው ነበር» ይላል። በዚህ ክርክር መካከል አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አንዳንድ ጊዜም ሳምንት ያልፋል።

በዚህ ወር እትማችን ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ ያሰብነው ያ በከንቱ የሚያልፈው ሳምንት ለልጁም ለአገሩም ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በጀርባችን መካከል እንደ መቁጠሪያ ተሰካክተው የሚወርዱት የአከርካሪ አጥንቶች ውስጣቸው ክፍት ነው። በዚያ ክፍት ቦታ ከአንጎል ተነሥቶ የሚወርድ፣ ውፍረቱ የትንሽ ጣት ያህል የሆነ ለስላሳ ገመድ አለ፤ ሐኪሞች ሕብለ ሰረሰር ይሉታል። እግር እንዲነሣ፣ እጅ እንዲዘረጋ አንጎል የሚልከው ትእዛዝ በዚህ ገመድ ወርዶ በገመዱ የፊት ወገን ወደሚገኙት ሕዋሳት ይደርሳል፤ እነርሱም በነርቭ አማካይነት ለጡንቻው ያስተላልፉታል። በምሳሌ ብንገልጸው እነዚህ ሕዋሳት የበላይ ትእዛዝ ተቀብሎ ለወታደሮቹ እንደሚያደርስ አሥር አለቃ ናቸው። አሥር አለቃው ሲሞት ወታደሮቹ ጤነኞች ቢሆኑም የሚያዛቸው አጥተው ይቀመጣሉ፤ ሥራ ያጣ ጡንቻም ቀስ በቀስ ይከሳል፤ በልጅነቱ የሰለለ እግርም ከጓደኛው አጥሮ ይቀራል።

የፖሊዮ ቫይረስ ለይቶ የሚያጠቃው እነዚህን የፊት ወገን ሕዋሳት ነው። ሕመምን፣ ሙቀትንና ቅዝቃዜን የሚያስታውቀው መንገድ በሌላው ወገን ስለሚያልፍ አይነካም። ስለዚህ የዛለውን እግር ቆንጠጥ ብናደርገው ልጁ ያለቅሳል፤ እግሩን ለመሰብሰብ ግን አይችልም። ልምሻው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን እግሮች በእኩል አይዝም፤ አንዱን አጥብቆ፣ ሌላውን ላላ አድርጎ ይይዛል፤ ወይም አንዱን ብቻ ይዞ ሌላውን ይተዋል። ከጀመረ በኋላ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ይበረታል፤ ትኩሳቱ ሲበርድ መስፋፋቱን ያቆማል። ቫይረሱ ለመተንፈሻ የሚያገለግሉትን ጡንቻዎች የሚያዙትን ሕዋሳት ከያዘ ግን ነገሩ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ይሆናል፤ ልምሻ ከደረሰባቸው ሰዎች መካከል ከ100 ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ይሞታሉ።

ቫይረሱ ወደ ሰውነት የሚገባው በአፍ ነው፤ የሚራባው በጉሮሮና በአንጀት ነው፤ የሚወጣውም በተለይ ከዓይነ ምድር ጋር ነው። የታመመ ልጅ ለብዙ ሳምንታት በዓይነ ምድሩ ሊያወጣው ይችላል። ሽንት ቤት በሌለበት መንደር ዝናብ ጠርጎ ወደ ምንጭ ያወርደዋል፤ ሕፃን ያጸዳች እጅ ሳትታጠብ ወደ ሊጥ ትገባለች፤ ልጆች አብረው በአንድ ዕቃ ይጠጣሉ። ይሁን እንጂ ከሁሉ አብልጠን ልናስገነዝብ የምንወደው አንድ ነገር አለ። ቫይረሱ ከገባባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም፤ ከአራት አንድ ያህሉ ጉንፋን የመሰለ ሕመም ታመው ይድናሉ፤ ልምሻ የሚደርስበት ከ200 አንድ ያህል ነው። እንግዲህ አንድ እግሩ የሰለለ ልጅ በመንደሩ ሲታይ በዚያው አካባቢ ቫይረሱን በአንጀታቸው ይዘው የሚሮጡና የሚጫወቱ ብዙ ልጆች አሉ ማለት ነው። እናቶቻቸው ልጆቻቸው ጤነኞች መሆናቸውን ይምላሉ፤ ውሸትም አይደለም።

በሽታው አዲስ አይደለም። ዛሬ በኮፐንሃገን ሙዚየም የሚገኝ ከ3,000 ዓመት በላይ የሆነው አንድ የግብፅ የድንጋይ ቅርጽ፣ አንድ እግሩ የሰለለና የቀጠነ ሰው በበትር ተደግፎ ቆሞ ያሳያል፤ ሊቃውንት ይህን የልጅነት ልምሻ ምስል ነው ብለው ያምናሉ። በ1908 ካርል ላንድሽታይነርና ኤርቪን ፖፐር የተባሉ ሐኪሞች በቪየና በዚህ በሽታ ከሞተ ልጅ ሕብለ ሰረሰር የወሰዱትን በዝንጀሮ አካል ውስጥ ጨምረው በሽታው እንደተላለፈ በማየታቸው መንሥኤው ቫይረስ መሆኑ ታወቀ። በ1916 በኒው ዮርክ ከተማ ብቻ ወደ 9,000 የሚጠጉ ሰዎችን ይዞ ከ2,000 በላይ ገደለ።

እዚህ ላይ ስለ ንጽሕና ዘወትር ለሚጽፍ ጽሕፈት ቤት የማይመች አንድ እውነት መናገር ይገባናል። በኤውሮጳና በአሜሪካ የልምሻ ወረርሽኝ የበረታው ውሃው ከተጣራ፣ የቆሻሻ ማስወገጃው ከተዘረጋ በኋላ ነበር። ምክንያቱም ቀድሞ ሕፃናት ገና ከእናታቸው የወረሱት የመከላከያ ኃይል ሳያልቅ ቫይረሱን እያገኙ ሳይጎዱ ይለማመዱት ነበር፤ ንጽሕናው ሲሻሻል ግን ቫይረሱ የሚያገኛቸው ዘግይቶ፣ ያ ኃይል ካለቀ በኋላ ሆነ። በድኻ አገሮች ደግሞ በሽታው የለም ይባል ነበር፤ በ1970ዎቹ ዓመታት በጋናና በሌሎች አገሮች በትምህርት ቤት ያሉ አንካሶች ሲቆጠሩ ግን ወረርሽኝ ሳይባል፣ ማንም ልብ ሳይለው በየዓመቱ ብዙ ሕፃናት ይሰልሉ እንደነበር ተገኘ። ይህን የምንለው የመጸዳጃ ቤትንና የሳሙናን ዋጋ ለማሳነስ አይደለም፤ ተቅማጥንና ታይፎይድን የሚከለክሉት እነርሱ ናቸው። ልምሻን ግን ያለ ክትባት አያስቀሩትም።

ከክትባት በፊት የነበረውን ዘመን ለመረዳት የ1952ን የኮፐንሃገን ወረርሽኝ ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ዓመት ትንፋሻቸው የታወከ ሕመምተኞች በብዛት ሲመጡ፣ በቀድሞው መሣሪያ ከታከሙት ከመጀመሪያዎቹ 31 ሰዎች 27ቱ ሞቱ። ቢዮርን ኢብሰን የተባለው ሐኪም የሕመምተኛውን ጉሮሮ ከፍቶ ቱቦ አስገብቶ በጎማ ፊኛ አየር መግፋት እንደሚቻል አሳየ፤ ነገር ግን ያን ፊኛ ቀንና ሌሊት የሚጨምቅ እጅ ያስፈልግ ነበር። የሕክምና ትምህርት ቤት ተማሪዎች 1,500 ያህል ሆነው እየተፈራረቁ በየሕመምተኛው ራስጌ ተቀምጠው በእጃቸው ያስተነፍሱት ነበር። ከብዙ ሕመምተኞችም ሞት ራቀ። ከ3 ዓመት በኋላ ሚያዝያ 12 ቀን 1955 የዮናስ ሶልክ የመርፌ ክትባት መሥራቱ ተነገረ፤ ቀጥሎም አልበርት ሴቢን በአፍ የሚንጠባጠበውን ክትባት አወጣ፤ ይኸውም በ1959 በሶቪየት ኅብረት ለሚሊዮኖች ተሰጠ።

በ1988 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ለማጥፋት ሲወስን በየዓመቱ 350,000 ያህል ሰዎች ይሰልሉ እንደነበር ተገምቷል። ተፈጥሯዊው ቫይረስ ዛሬ ከአፍጋኒስታንና ከፓኪስታን በቀር በአብዛኛው ዓለም ጠፍቷል፤ የአፍሪካ ክፍለ ዓለምም ነሐሴ 25 ቀን 2020 ከእርሱ ነፃ መሆኑ ተረጋግጧል። ሆኖም በ2013 ቫይረሱ ወደ ሶማሊያ ገብቶ በአፍሪካ ቀንድ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲያሰልል ወደ አገራችን ሶማሌ ክልልም ተሻግሮ ነበር። ከ2019 ወዲህ ደግሞ በአገራችን ሌላ ዓይነት ታይቷል፤ እርሱም ከጠብታው ክትባት የተነሣ ቫይረስ ነው። በጠብታው ውስጥ ያለው ቫይረስ የተዳከመ ቢሆንም በሕይወት አለ፤ ልጆች በብዛት ባልተከተቡበት አገር ካልተከተበ ወደ አልተከተበ ለወራት ሲተላለፍ የቀድሞ ኃይሉን መልሶ ያገኛል። ሁሉም ልጅ በተከተበበት መንደር ግን የሚተላለፍበት መንገድ ያጣል። ስለዚህ ይህ ቫይረስ የሚነሣው ክትባቱ በበዛበት ሳይሆን ባነሰበት ስፍራ ነው። ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ፣ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ጠብታውን፣ በ14ኛው ሳምንትም የመርፌውን ክትባት ማግኘት ይገባዋል፤ ቤት ለቤት የሚዞሩ ክትባት ሰጪዎች ሲመጡም ቀድሞ ወስዷል ተብሎ መከልከል አይገባም።

ድንገተኛ ልምሻ ሁሉ ፖሊዮ ነው አንልም። ጊላን ባሬ የሚባለውን ሕመም በ1916 ሦስት የፈረንሳይ ሐኪሞች በሁለት ወታደሮች ላይ አይተው ጽፈውታል፤ ከተቅማጥ ወይም ከጉንፋን መሰል ሕመም በኋላ በሽታ ተከላካዩ የሰውነት ኃይል ተሳስቶ የገዛ ነርቮቹን ይወጋል። እርሱ ሁለቱን እግሮች በእኩል ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ የመደንዘዝና የመውረር ስሜትም ይኖረዋል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከቫይረስ ሕመም በኋላ ሕብለ ሰረሰሩ በአንድ ቦታ ያብጣል፤ ያን ጊዜ ከዚያ በታች ያለው ሰውነት ይደነዝዛል፤ ሽንትም ይታገዳል። አልማዝ ባለጭራ የምንለው ሕመም ከፖሊዮ ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል፤ በልጅነት ጉድፍ ያወጣው ቫይረስ በሕብለ ሰረሰር አጠገብ ባሉት የስሜት ነርቮች እብጠቶች ተደብቆ ለብዙ ዓመታት ከኖረ በኋላ በእርጅና ወይም በድካም ጊዜ ነርቩን ተከትሎ ወደ ቆዳ ይወጣል፤ የሚያቃጥለውም ስለዚህ ነው። በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ አገራችን በችግር ዘመን ጓያ አብዝተው የበሉ ሰዎች እግራቸው ይታሠራል፤ እነዚህ ግን ትኩሳት የላቸውም፤ እግራቸውም የዛለ ሳይሆን የገተረና የሚጣበቅ ነው። እነዚህን ለይቶ ማወቅ የሐኪም ሥራ ነው። የቤተሰቡ ሥራ እግሩ በድንገት መዛሉን ማየትና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

አሁን ደግሞ ከላይ ሦስተኛው ጎረቤት ወዳነሣው መርፌ እንመለስ። ሕዝባችን ለመርፌ ያለው ፍቅር የታወቀ ነው፤ ክኒን ተሰጥቶት የተመለሰ ብዙ ሰው እንዳልታከመ ይቆጥረዋል፤ ይህን አስተሳሰብ እኛ የጤና ሠራተኞችም አሳድገነዋል። ነገር ግን በ1949 በአውስትራልያ በሜልቦርን ከተማ በርትራም ማክሎስኪ የተባለ ሐኪም የሰለሉትን ልጆች ሲመረምር ከጥቂት ሳምንት በፊት መርፌ የተወጉት ብዙ ጊዜ የሰለሉት በተወጉበት በዚያው እጅ ወይም እግር እንደነበረ አገኘ። በሮማንያም ከጠብታው ክትባት በኋላ አልፎ አልፎ ስለሚደርሰው ልምሻ በተደረገውና በ1995 በታተመው ምርመራ ከ31 ሕፃናት 27ቱ ከልምሻው በፊት በነበሩት 30 ቀናት መርፌ ተወግተው ነበር፤ አብዛኛው መርፌ ደግሞ ለትኩሳት የተሰጠ ፀረ ተሐዋስያን መድኃኒት ነበር። ምክንያቱ በ1998 በአይጦች ተፈትኖ ታወቀ፤ መርፌ ጡንቻውን ሲያቆስለው በደም ውስጥ ያለው ቫይረስ ነርቩን ይዞ በቀላሉ ወደ ሕብለ ሰረሰሩ ይወጣል። ከዚህም ሌላ በቂጥ ላይ ያለ ስፍራው የተወጋ መርፌ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቁን ነርቭ ወግቶ ጤነኛውን ልጅ ሊያነክሰው ይችላል።

ይህ ስለ ክትባት መርፌ የተነገረ እንዳይመስላችሁ እንለምናለን። የክትባት መርፌ በዕድሜው ልክ፣ በጭኑ የውጭ ወገን የሚሰጥ ነው፤ መቅረት የለበትም። እኛ የምንቃወመው ትኩሳት የያዘውን ሕፃን ምክንያቱ ሳይታወቅ «መርፌ ውጉልኝ» ብሎ ከመድኃኒት ሻጭ ደጅ መቆምን፣ ከሻጩም በኩል እሺ ማለትን ነው። ወጌሻውም ቢሆን ትኩሳት ያለበትን ልጅ የዛለ እግር ከማሸትና ከመጎተት እንዲታቀብ አጥብቀን እንመክራለን፤ በሕመሙ መጀመሪያ ሰሞን ጡንቻውን ማድከም ልምሻውን ያበረታዋል። ልጁ በጠንካራ መኝታ ተኝቶ ይረፍ፤ ትንፋሹ ቢያጥር ወይም ምራቁን መዋጥ ቢያቅተው ወደ ሆስፒታል ለመውሰድ ሌሊትም ቢሆን አይቆይ። ጠበል ለመውሰድ የሚያስብ ቤተሰብ ቢኖር አንከለክልም፤ አስቀድሞ ግን በጤና ጣቢያው በኩል ይለፍ።

ጤና ጣቢያው የሚፈልገው ነገር አንዳንዱን ሰው ያሳፍረዋል፤ እርሱም የልጁ ዓይነ ምድር ነው። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነና እግሩ ወይም እጁ በድንገት የዛለ ልጅ ሁሉ ሁለት ጊዜ ዓይነ ምድሩ ይወሰዳል፤ በሁለቱ መካከል ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል፤ ሁለቱም ልምሻው ከጀመረ በ14 ቀን ውስጥ መሆን አለባቸው። ከዚያ በኋላ ቫይረሱ በዓይነ ምድር እየቀነሰ ስለሚሄድ ቢፈለግም ላይገኝ ይችላል። በክርክር ያለፈው ያ ሳምንት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ በ20ኛው ቀን ቢመጣ እግሩን እናያለን፤ ቫይረሱ ግን ነበረ ወይም አልነበረም ብሎ በእርግጥ መናገር ያዳግታል። የተወሰደው በበረዶ ሣጥን ተደርጎ፣ መንገድ ላይ ሳይሞቅ አዲስ አበባ ወደሚገኘው ብሔራዊ ላቦራቶሪ ይላካል። በላቦራቶሪ ቫይረሱ ከተገኘ በዚያ ልጅ አካባቢ ያሉት ሕፃናት ሁሉ ይከተባሉ። ዓይነ ምድሩን የሚሰጠው ቤተሰብ ለራሱ ልጅ ብዙ አይጠቀምም፤ የሞቱት ሕዋሳት አይመለሱምና። የሚጠቀሙት ገና ያልሰለሉት የጎረቤት ልጆች ናቸው።

የዚህ ሥራ መለኪያ ለሚሰማው ሰው እንግዳ ነው። ፖሊዮ በሌለበት ስፍራም ቢሆን በሌላ ምክንያት የሚዝሉ ልጆች አይጠፉምና፣ ከ15 ዓመት በታች ከሆኑት 100,000 ልጆች መካከል በየዓመቱ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ልጅ መገኘት አለበት ተብሎ በዓለም ተወስኗል። በዓመቱ መጨረሻ «በወረዳችን አንድም የዛለ ልጅ የለም» የሚል ዘገባ ሲቀርብልን ደስ አይለንም፤ ወረዳው ጤነኛ ከመሆኑ ይልቅ ሳይፈለግ መቅረቱን እንጠረጥራለን። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ስትዞር፣ ወጌሻውንና የጠበሉን አገልጋይ፣ የመድኃኒት ሻጩንም እየዞረች የምትጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዛለ ልጅ አስቀድሞ የሚደርሰው እነርሱ ዘንድ ነውና።

ትኩሳቱ ከበረደና ሕመሙ ካለፈ በኋላ የእግሩ ሥራ ይጀምራል። በቀድሞ ዘመን የሰለለውን እግር በጄሶ አሥረው ያስቀምጡት ነበር፤ አውስትራልያዊቷ ነርስ ኤልሳቤጥ ኬኒ ግን ጡንቻውን በሞቀ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ መገጣጠሚያውንም በእርጋታ እያንቀሳቀሰች ሌላ መንገድ አሳየች። እናት ቤት ውስጥ ልታደርገው የምትችለው አለ፤ ሲተኛ የእግሩ መዳፍ ወደ ታች እንዳይወድቅ በትራስ ደግፎ ቀጥ ማድረግ፣ በቀን ጥቂት ጊዜ ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን ሳያስጨንቁ ማጠፍና መዘርጋት። ይህ ካልተደረገ ጅማቱ ያጥራል፤ ተረከዙም መሬት አይነካም። በ1962 ሥራ የጀመረውን የመናገሻ ቼሻየርን የመሰሉ የመልሶ ማቋቋሚያ ስፍራዎች የእግር መደገፊያ ብረት የሚያገኙበትን መንገድ ያሳያሉ። በልጅነታቸው ሰልለው በኋላ ተሽሏቸው የኖሩ ጎልማሶችም፣ ከ15 እስከ 40 ዓመት ካለፈ በኋላ አዲስ ድካምና የጡንቻ ሕመም ቢሰማቸው ሐኪም ያማክሩ፤ ለብዙ ዓመታት የሞቱትን ሕዋሳት ሥራ ደርበው የሠሩት ሲደክሙ እንዲህ ያለው ይደርሳል፤ ወደ ሌላ ሰው ግን አይተላለፍም።

ልምሻው ከጀመረ በ60ኛው ቀን ገደማ የጤና ሠራተኛው ሕፃኑን እንደገና ለማየት ወደ ቤት ይመጣል፤ እግሩ እስከዚያ ድረስ ዝሎ እንደሆነ ወይም እንደበረታ መርምሮ ይጽፋል። ቤተሰቡ በዚህ መካከል ለእርሻ ወይም ለሌላ ጉዳይ ወደ ሌላ ቀበሌ የሚዛወር ቢሆን የሚሄድበትን ስፍራ ለኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነግሮ ይሂድ።